ቀርከሃው ጎረቤት ግቢ ሳይሻገር

ክረምት ሲቃረብ ችግኝ መሸጫዬ የሚመጣ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፤ "አጥሬን ቶሎ የሚሸፍን ነገር ስጪኝ።" አጠገቡ ፎቅ ተሠርቶበት ነው። ቀርከሃ ይሸፍናል። እኔ ግን ከመሸጤ በፊት "ዙሪያውን በእግር መዞሪያ ቦታ አለዎት?" እላለሁ። አጥር ሥር ተለጥፎ የተተከለ ቀርከሃ ከጀርባው የሚያደርገው አይታይም። ከግንቡ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

ሁሉም ቀርከሃ አይሮጥም ማለትም ከመሬት በታች እየተስፋፋ ራቅ ብሎ አይወጣም፤ አንዳንዱ ብቻ ነው። የአሶሳው የቆላ ቀርከሃ ግንዱ ድፍን ነው፣ አንድ ቦታ ተጠጋግቶ ይበቅላል። ግን ሙቀት ይወዳል፤ ለአዲስ አበባ ብርድ አልመክረውም። የእንጅባራው የደጋ ቀርከሃ ብርዱን ይችላል፣ ውስጡ ክፍት ነው፣ ራቅ ራቅ እያለም ይወጣል። ከውጭ ከመጡት መሃል ደግሞ የለየላቸው ሯጮች አሉ። ሻጩ ስሙን ካላወቀው ችግኙን ከፕላስቲኩ አውጥቶ ያሳያችሁ። ከታች ያለው ግንድ ወፍራምና አጭር ሆኖ ወደ ላይ ከታጠፈ ሰላም ነው። ቀጭንና ረጅም ሆኖ ፕላስቲኩን እንደ ገመድ ከዞረው ሯጭ ነው።

የሚሻገረው ይሄ አግድም የሚሄደው ግንድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ አይወርድም። ስለዚህ 70 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ወፍራም ፕላስቲክ ዙሪያውን አቁሙ። አፉ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል፣ ከመሬት በላይም አምስት ሴንቲ ሜትር ይታይ። ስስ ላስቲክ ይበሳል፣ ቆርቆሮ ይዝጋል፤ ብራችሁን አታባክኑ።

በርሜል ውስጥ መትከል ለሚፈልግ፣ ታቹን ብሱና ብሎኬት ላይ አስቀምጡት። መሬት ከነካ በቀዳዳው ሾልኮ ይወጣል።

እውነቱን ለመናገር ፕላስቲኩ ሥራውን አይጨርስላችሁም። መስከረም ላይ፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ዶማ ይዛችሁ ዙሩ። ከፕላስቲኩ ጫፍ ላይ ዘሎ የወጣ ካለ በመጋዝ ቁረጡት። ከክልሉ ውጭ የበቀለ ቡቃያ ገና ለጋ ሳለ በእግር ሲገፋ ይቀነጠሳል፤ ከጠነከረ ገጀራ ይጠይቃል።

የቆረጣችሁትን ግን ቦይ ውስጥ እንዳትጥሉ! አንጓ ያለው ቁራጭ እርጥበት ካገኘ ሊበቅል ይችላል። ፀሐይ ላይ አስጡትና ሲደርቅ ለማገዶ ይሁን።