ለክብ ጥግ አንድ መስመር ይበቃል

አንድ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ እንዳድስ ተሰጥቶኝ ነበር። ባለቤቷ የጠየቀችኝ የገጹ መደብ ከነጭ ወደ ክሬም እንዲቀየር ብቻ ነው። ቀየርኩት። ወዲያው እያንዳንዱ የመኝታ ክፍል ሳጥን አራቱም ጥጉ ላይ ነጭ ቁራጭ ብቅ አለ። ኮዱን ስከፍተው ለአንድ ሳጥን አምስት ዲቭ (የገጹን ክፍሎች የሚይዝ መያዣ) ተደራርቧል። አራቱ ባዶ ናቸው፤ ጥጉን ክብ የሚያስመስል ምስል ከመሸከም ሌላ ሥራ የላቸውም። ምስሎቹ የተሠሩት ለነጭ መደብ ነበር።

ድሮ እንዲህ ማድረግ ግድ ነበር። የድሮው የድር አሳሽ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ክብ ጥግ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው 9ኛ እትሙ ነው። ዛሬ ግን ምክንያት የለም።

መጀመሪያ ባዶዎቹን ዲቮች አጥፏቸው። ኤችቲኤምኤሉ (የገጹን ይዘት የሚይዘው ኮድ) ውስጥ ይዘቱ ብቻ ይቅር፦ አርቲክል የሚባል አንድ መያዣ፣ በውስጡ ከላይ ፎቶ፣ ከዚያ ርዕስና ዋጋ። ክላሱን (ለሳጥኑ የምትሰጡትን መጠሪያ) በይዘቱ ሰይሙት። «ክብ-ጥግ» ካላችሁት፣ ነገ ደንበኛው ጥጉ ቀጥ ይበል ሲል ስሙ ውሸት ይሆናል። ከዚያ የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ፣ ሲኤስኤሱ ላይ፦

ቦርደር-ራዲየስ፦ 16 ፒክስል

በቃ። እዚህ በፊደላችን ጻፍኩት እንጂ ኮዱ ውስጥ በላቲን ነው የሚገባው። ለአራቱ ጥጎች አራት ቁጥር ከሰጣችሁት ከላይ ግራ ጀምሮ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይዞራል።

ሳጥኑ ከብቦ ፎቶው ሹል ጥጉን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ሰው ሳጥኑ ላይ ኦቨርፍሎው ሂድን (ከሳጥኑ የሚወጣውን ደብቅ ማለት ነው) ይጽፋል። ይሠራል፤ ግን ከሳጥኑ ወጥቶ የሚዘረጋ ሜኑም ካለ አብሮ ይቆረጣል። እኔ ለፎቶው የራሱን ራዲየስ እሰጠዋለሁ፦ 16፣ 16፣ 0፣ 0።

ብዙዎች የሚያልፉት ነገር ደግሞ አለ። ክብ ሳጥን ውስጥ ሌላ ክብ ሳጥን ስታስገቡ ቁጥሩን አትድገሙት፤ ከውጩ ራዲየስ ላይ ፓዲንጉን (በሁለቱ ሳጥኖች ጠርዝ መካከል ያለውን ክፍተት) ቀንሱ። ውጩ 16፣ ፓዲንጉ 8 ከሆነ የውስጡ 8 ይሁን። ሁለቱንም 16 ስታደርጉ ክፍተቱ ጥጉ ላይ ከጎኑ ይልቅ ይሰፋል። ዓይን ይህን ቶሎ ያያል፤ ምን እንደሆነ ባያውቅም ይረብሸዋል።

የሰው ፎቶ ክብ ለማድረግ ራዲየሱን 50 ፐርሰንት በሉት፤ ቁመቱና ስፋቱ እኩል ካልሆነ ግን እንቁላል ይመስላል። ለረጅም በተን 999 ፒክስል ይሻላል።

የዋጋ ሰንጠረዡ አልከብብ ካለ ቦርደር-ኮላፕሱን (የሰንጠረዡ ሳጥኖች መስመር ይዋሃድ ወይስ ይለያይ የሚለውን) ተመልከቱ። ኮላፕስ የሚል ከሆነ ራዲየሱ አይሠራም። ሰፐሬት አድርጉት፤ ቦርደር-ስፔሲንጉን (በሳጥኖቹ መካከል ያለውን ክፍተት) 0።