በመኖሪያ ጀልባ ላይ ሶላር ለመግጠም ሲወሰን ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ቦዮችንና ወንዞችን የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በእነዚህ ቦዮች ላይ ወርዷ ከ2 ሜትር እምብዛም በማይበልጥ፣ ርዝመቷ ግን እስከ 21 ሜትር ሊደርስ በሚችል የብረት ጀልባ ውስጥ ክረምት ከበጋ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ቋሚ ማሰሪያ የሌላት ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የብሪቲሽ ዋተርዌይስ ሕግ መሠረት በአንድ ስፍራ በተከታታይ ከ14 ቀን በላይ መቆየት ስለማትችል፣ ነዋሪዋ ከከተማው መስመር መብራት የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። የሚበራው፣ የሚቀዘቅዘውና የሚሞላው ነገር ሁሉ ከባትሪ ይነሣል፤ ባትሪውን ደግሞ በአብዛኛው የሚሞላው የሞተሩ ዲናሞ ነው። ሶላር ልግጠም ወይስ ይቅርብኝ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። በለንደን ዙሪያ በጀልባ በኖርኩባቸው ዓመታት እኔም ጎረቤቶቼም ከሠራናቸው ስህተቶች የተረዳሁት፣ መልሱ ያለው በፓኔሉ ላይ በተጻፈው ቁጥር ላይ ሳይሆን፣ ጀልባዋ ክረምቱን፣ ማለትም በእንግሊዝ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ብርዳማ ወቅት፣ በምታሳልፍበት ቦታና በውስጧ ያለው ሰው በቀን በሚፈጀው ኃይል ላይ መሆኑን ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት በፓኔሉ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋት እንደ ዕለታዊ ምርት ማየት ነው። 400 ዋት የሚለው ጽሑፍ የተለካው በቤተ ሙከራ፣ በጠንካራ ብርሃንና በ25 ዲግሪ የፓኔል ሙቀት ነው። ለንደን በሰሜን 51.5 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በእኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ በላይ የምትወጣው 15 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ቀኑም 8 ሰዓት አይሞላም። በሰኔ ግን 62 ዲግሪ ትደርሳለች፣ ቀኑም ከ16 ሰዓት ተኩል ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዝቅ አለች በምትባልበት በታኅሣሥ እንኳ እኩለ ቀን ላይ 57 ዲግሪ ከፍታ ላይ መሆኗን ስናስብ፣ በአገራችን ገጠር አንዲት አነስተኛ ሶላር ስንት አምፖል እንደምታበራ አይተን ያደግን ሰዎች ለምን ከሌላው ይበልጥ እንደምንሳሳት ግልጽ ይሆናል። በለንደን ጀልባ ጣሪያ ላይ ተዘርግቶ የተኛ የ400 ዋት ሶላር በሐምሌ በቀን በአማካይ 1,500 ዋት ሰዓት (አንድ ዋት ሰዓት አንድ ዋት የሚስብ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኃይል ነው) አካባቢ ይሰጣል፤ ያው ሶላር በታኅሣሥ በቀን ከ200 ዋት ሰዓት የዘለለ አይሰጥም። በበጋና በክረምት መካከል ያለው ልዩነት ከሰባት እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ የዓመቱን አማካይ ይዞ መወሰን ማለት በየትኛውም ወር የማይታይ ቁጥር ይዞ መወሰን ነው። እኔ ራሴ ሻጩ 300 ዋት ዓመቱን ሙሉ ይበቃሃል ባለኝ ቃል ተማምኜ ገዝቼ፣ በኅዳር መጨረሻ ማቀዝቀዣዬን ማጥፋት ግድ ሆኖብኝ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት የራስን ፍጆታ ሳይቆጥሩ መግዛት ነው። በ12 ቮልት የምትሠራ ትንሽ ማቀዝቀዣ በቀን ከ400 እስከ 600 ዋት ሰዓት ትወስዳለች፤ የኤልኢዲ አምፖሎችና የውሃ ፓምፑ በጥቂቱ ያልፋሉ፤ ስልኮችና አንድ ላፕቶፕ ሲጨመሩ ድምሩ ወደ 1,000 ዋት ሰዓት ይጠጋል። ይህ ልክ ያለው ኑሮ ነው፤ 400 ዋት ሶላርም ከሚያዝያ እስከ መስከረም ሊሸከመው ይችላል። ሙቀት የሚያመነጭ ዕቃ ሲገባ ግን ስሌቱ ይፈርሳል። 2,000 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት በሚቀይረው ኢንቨርተር በኩል ሲሠራ፣ ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ ከ160 አምፔር በላይ በአንድ ጊዜ ይጎትታል፤ ውሃው ቶሎ ቢፈላም፣ ለዚህ የሚሆን ኢንቨርተር፣ ወፍራም ገመድና ትልቅ ባትሪ የግድ ይሆናሉ። ወገኖቻችን አዘውትረው የሚጠይቁኝ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። 3,000 ዋት የሚስብ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ቢጋገርበት የ400 ዋት ሶላር የሐምሌን የሁለት ቀን ምርት ይበላል፤ በክረምት ደግሞ ጉዳዩ ከነጭራሹ አይነሣም። እንጀራን የብስ ላይ፣ ወጡንና ቡናውን በጀልባው ጋዝ ምድጃ ላይ መሥራት ኑሮን እንደማጓደል መታየት የለበትም፤ ለጀልባ የሚስማማው አሠራር ይህ ነው።

በቤታቸው ጣሪያ ላይ ሶላር ያላቸው ዘመዶች የሚሰጡት ምክርም ያሳስታል። በብሪታንያ ከኤሌክትሪክ መረቡ ጋር የተገናኘ ቤት የተረፈውን ኃይል ለኃይል አቅራቢው ይሸጣል፤ ስለዚህ በሰኔ የተመረተ እያንዳንዱ ዋት ሰዓት ዋጋ አለው። ጀልባ ግን የምትሸጥለት የላትም። ባትሪው በረፋዱ ከሞላ፣ የቀረውን ፀሐያማ ቀን ሁሉ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ፓኔሉን ይገታዋል፤ ምርቱም ሳይሠራበት ይቀራል። በወጪ መመለሻ ዓመታት መቁጠር የፈለገ ሰው መቁጠር ያለበት ፓኔሉ የሚያመርተውን ሳይሆን በሶላሩ ምክንያት ሳይነሣ የቀረውን የሞተር ሰዓት ነው። ሞተር ቆሞ ባትሪ ሲሞላ በሰዓት አንድ ሊትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ናፍጣ ይጠጣል፤ የዘይቱ፣ የቀበቶውና የሞተሩ እርጅና ደግሞ በዚያ ላይ ይታከላል። ለጎረቤት የሚተርፈውን ጩኸትና ጭስ በገንዘብ መተመን አይቻልም፤ ለእኔ ግን ከሶላር ካገኘሁት ጥቅም ሁሉ የሚበልጠው ጸጥ ያለው የግንቦት ጠዋት ነው።

ይሁን እንጂ ሶላር ከገባ ሞተር አያስፈልግም ብሎ መደምደምም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። በብዙ ጀልባዎች ላይ ቦይለሩን የሚያሞቀው በሞተሩ ውስጥ የሚዘዋወረው ውሃ ነው። ሞተር ያልነሣበት ቀን ገላ መታጠቢያ ሙቅ ውሃ የሌለበት ቀን ሊሆን ስለሚችል፣ በሐምሌ ባትሪው ሞልቶ እያለ ለውሃ ሲሉ ሞተር የሚያስነሡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከመግዛት በፊት ውሃው በምን እንደሚሞቅ መጠየቅ ይገባል። በተጨማሪም ሌሎች ጀልባዎች በአቅራቢያ ባሉበት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሞተር ወይም ጄኔሬተር ማስነሣት ስለማይፈቀድ፣ ከሥራ ማታ ለሚመለስ ሰው በክረምት ባትሪ የሚሞላበት ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ ሶላሩ የሚደክመውም በዚያው ወቅት ነው።

እምብዛም የማይነገረው ነገር የባትሪው ጉዳይ ነው፤ በእኔ አስተያየት ሶላርን ለብዙ ጀልባ ተገቢ የሚያደርገውም ይህ ነው። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከያዘው ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል፤ 400 አምፔር ሰዓት በ12 ቮልት 4,800 ዋት ሰዓት ቢባልም፣ እጅ የሚገባው 2,400 ያህል ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ሳይሞላ ውሎ ማደሩ ነው። ዲናሞው የመጀመሪያውን 80 በመቶ ቶሎ ይሞላዋል፤ የመጨረሻው 20 በመቶ ግን ባትሪው በዝግታ ካልሆነ ስለማይቀበለው ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ለዚህ ሲል ሞተር ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስነሣ ሰው የለም። በዚህ ምክንያት በሳህኖቹ ላይ የሚጠነክረው ሰልፌት ባትሪውን በአንድ ወይም በሁለት ክረምት ይገድለዋል። ሶላር ደግሞ በተፈጥሮው ዝግተኛና ቀኑን ሙሉ የሚሠራ በመሆኑ ይህን የመጨረሻ ሥራ ከዲናሞ ይልቅ በሚገባ ይጨርሳል። በጥቅምትና በመጋቢት ጠዋት ሞተሩን አንድ ሰዓት አስነሥቶ፣ የቀረውን ለሶላሩ መተው ከሁለቱም ጥሩውን መውሰድ ነው። ስለዚህ የደከሙ ባትሪዎችን ይዞ በላያቸው ሶላር መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ መጀመሪያ ባትሪዎቹ ይፈተሹ። ወደ ሊቲየም ለመዞር የሚያስብም ሁለት ነገሮችን ይወቅ፦ ሊቲየም ባትሪ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን መሞላት የለበትም፤ ደግሞም ያገኘውን ኃይል ሁሉ ስለሚውጥ፣ በመካከል የሚቆጣጠር መሣሪያ ካልገባ ዲናሞውን በሙቀት ሊያቃጥል ይችላል።

ጥላን መናቅም ብዙ ጉዳት ያስከትላል። በአንድ ፓኔል ውስጥ ያሉት ሴሎች እንደ ሰንሰለት ስለተያያዙ፣ የአንዱ መጋረድ የጎረቤቶቹንም ኃይል ይዞ ይወርዳል፤ ከምድጃው ጭስ መውጫ የሚወድቅ ቀጭን ጥላ እንኳ የፓኔሉን ሲሶ ሥራ ሊያስፈታ ይችላል። የሬጀንት ቦይ በለንደን መካከል ሲያልፍ በሁለቱ ዳር ሕንፃዎች ተደርድረዋል፤ በሊ ወንዝ ዳር ደግሞ በዛፍ ጥላ ሥር ማሰር በበጋ ይመረጣል። አንድ ጎረቤቴ ትልቅ ሶላር ገጥሞ፣ ልማዱ ስለሆነ ብቻ ከዛፍ ሥር ሳይወጣ ክረምት ደረሰበት። የማሰሪያ ቦታ ልማዱን ለመለወጥ ያልተዘጋጀ ሰው ሶላሩን ቢተወው ይሻለዋል። ፓኔሎች ሲበዙ ጎን ለጎን በትይዩ ማገናኘት አንዱ ሲጋረድ ሌላው እንዳይጎዳ ይረዳል። ዓመቱን ሙሉ በማሪና (በጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ታስራ ከየብስ መብራት የምትወስድ ጀልባም በአብዛኛው ሶላር አያስፈልጋትም።

ጣሪያው ራሱ ሊለካ ይገባል። የአየር ማስገቢያዎቹ፣ የእጅ መያዣ ሐዲዶቹ፣ ረጅሙ ምሰሶና መሸጋገሪያ ሳንቃው፣ የክረምቱ ከሰልና እንጨትም እዚያው ላይ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ጀልባን ከአንድ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው በሚያሻግሩት የውሃ በሮች አጠገብ ሰው በጣሪያው ላይ ይራመዳል። በቀጥታ በብረቱ ላይ የሚለጠፈው ተጣጣፊ ሶላር ቀላልና ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ ይማርካል፤ ነገር ግን አየር ከሥሩ ስለማያልፍ ይግላል። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በወጣ ቁጥር በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ምርት ይቀንሳል፤ ዕድሜውም ከመስታወቱ ፓኔል ያጥራል። እኔ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ትቶ የሚገጠመውን የመስታወት ፓኔል እመርጣለሁ። በክረምት ወደ ደቡብ ማዘንበል ምርቱን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ሆኖም ጀልባዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት መልሶ ማስተኛት ያስፈልጋል፤ ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው።

ስለ ገመድና ፊውዝ ብዙ አልልም፦ ወፍራም ገመድ፣ በባትሪው አጠገብ የሚገባ ፊውዝ፣ ከፓኔሉ የሚቻለውን ያህል ብዙ ኃይል የሚያወጣው፣ ኤምፒፒቲ የሚባለው ዓይነት ኮንትሮለር፣ ሲገጠምም ባትሪው ከፓኔሉ በፊት ከኮንትሮለሩ ጋር መገናኘቱ። ጀልባ በየ4 ዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ታልፋለች፤ በብረት ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ለሚያድር ሰው ግን ይህን በትክክል ማሠራት ምርመራ እስኪመጣ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።

የመጨረሻው ስህተት በሰኔ መወሰን ነው። ጀልባ የሚገዛው፣ ሶላር የሚገጠመውም በአብዛኛው በዚያ ወቅት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንኛውም ፓኔል በቂ ይመስላል። አዲስ ነዋሪ ቢቻለው አንድ ክረምት ያለ ሶላር ይኑር፤ ከባትሪው የሚወጣውንና ወደ ባትሪው የሚገባውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ በመጀመሪያ ይግጠም፤ በኅዳር አንድ ሳምንት ሙሉ በየማታው ቁጥሩን ይጻፍ፤ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደተነሣና ጀልባዋ በየትኛው ጥላ ሥር እንደታሰረችም ከጎኑ ያስፍር። ከዚያ በኋላ ወደ ሻጩ ሲሄድ ስንት ዋት እንደሚያስፈልገው የሚነግረው ሻጩ ሳይሆን የያዘው ወረቀት ይሆናል።