የፐርሰፎኒን ፊት ከእብነ በረድ ማውጣት

አሜሪካዊው ቀራፂ ሂራም ፓወርስ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ፍሎረንስ ተቀምጦ ከደረት በላይ ያለ የፐርሰፎኒ ሐውልት ሠራ። በግሪክ አፈ ታሪክ የሙታን አምላክ የሆነው ሐዲስ ጠልፎ ወደ ሙታን አገር የወሰዳት፣ እዚያ የሮማን ፍሬ በመቅመሷ በየዓመቱ እንድትመለስ የተፈረደባት ልጅ ናት። ገዢ በዛና ከመቶ በላይ ቅጂ ወጣላት። ያንኑ ፊት መቶ ጊዜ በግምት ፈለፈሉት እንዴ? የለም፣ ዘዴ አለው።

ድንጋዩ ላይ ዘው አትበሉ፤ በጭቃ ጀምሩ። መሐሉ ላይ ብረት አቁሙ፣ አለዚያ አንገቷ በራሷ ክብደት ይሰምጣል። ማታ ማታ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። አፍንጫው ከግንባሩ ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ ዓይኑ ብሌን አይኑረው። ፊቷን አታስለቅሱት፤ ሐዘኑን አንገቷ ዘንበል ሲል ይናገረው። ጠርዙ ላይ ቅጠል ማብዛት ያምራል፣ ግን ሥራው አያልቅም፤ ፓወርስም በኋላ አቅልሎታል።

ከዚያ ጭቃውን በጀሶ ገልብጡት። ጭቃው ይፈርሳል፣ ምንም አይደል።

ድንጋይ ስትገዙ በመዶሻ መታ አድርጉት። እንደ ገጠር ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደወል ጥርት ብሎ ከጮኸ ውሰዱት፤ ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ስንጥቅ አለ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ነጥብ ማስተላለፍ። ጀሶው ላይ በአፍንጫ ጫፍ፣ በአገጭ፣ በጉንጭ እያላችሁ ብዙ ነጥብ ምልክት አድርጉ (ጣሊያን ፖሳኞ ያሉት የጣሊያናዊው ቀራፂ የካኖቫ ጀሶዎች ምስማሮቻቸው እስከ ዛሬ አሉ)። ክንዱ የሚተጣጠፍ፣ ጫፉ ላይ መርፌ ያለው መለኪያ ጀሶው ላይ በሦስት ቋሚ ነጥቦች ታሳርፉና መርፌው አፍንጫዋን ሲነካ ትቆልፉታላችሁ፤ ከዚያ መለኪያውን ድንጋዩ ላይ በተመሳሳይ ሦስት ነጥቦች ስታስቀምጡት መርፌው ድንጋይ አግዶት ይቆማል፣ የቀረው ርቀት መነሳት ያለበት ነው። በትራፓኖ ብሱት፣ ግን ሁለት ሦስት ሚሊሜትር አስቀሩ። ቀጣዩ ነጥብ። ቀጣዩ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም።

ሹል መሮ፣ ቀጥሎ ጥርስ ያለው፣ ቀጥሎ ጠፍጣፋው፣ ከዚያ ሞረድ። መሮውን አጋድማችሁ ምቱ፤ ቀጥ አድርጋችሁ ከመታችሁት ድንጋዩ ውስጡ ይደቅና የማይለቅ ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል። መነጽርና የአቧራ ጭምብል የግድ ነው።

ካኖቫ ጠረባውን ለሠራተኞቹ ትቶ የመጨረሻውን ገጽ ራሱ በሻማ ብርሃን ይጨርስ ነበር። እናንተም መብራት ከጎኗ አስቀምጡና አጥፍታችሁ አብርታችሁ እዩ። ጥላው ጉንጯ ላይ ሳይሰናከል ሲያልፍ ሞረዱን አስቀምጡ።