የሃርድቶፕ ትራንስፈር ሲያረጅ፦ ከማውረዳችሁ በፊት ዘይቱን እዩ

ሊማሊሞን በክረምት ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ከደባርቅ ወደ ዛሪማ። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሳሙና ነው። የምነዳው 75 ሃርድቶፕ (የቶዮታ ላንድክሩዘር)፣ ከኋላ ስድስት ሰው፣ ፖርቶመጋላው ላይ ድንኳንና ጀሪካን። ትራንስፈሩን፣ ማለትም ከካምቢዮው ቀጥሎ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ሎው (ዝግ ያለውና ጉልበታሙ ማርሽ) ላይ አስገብቼ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘልኝ እወርዳለሁ። ድንገት "ቋ!" አለና የትራንስፈሩ ማንሻ በራሱ ወደ ባዶ ተመለሰ። መኪናው ለቀቀ። ፍሬኑ ያዘልኝ እንጂ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ አልሆንም ነበር።

ደባርቅ የጠየቅኳቸው ሁሉ "ትራንስፈሩ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ" አሉኝ። ገና ሳይፈቱት! ሞቷል የተባለው ትራንስፈር ዛሬም እየሠራ ነው። ስለዚህ እኔ እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ። የምናገረው ስለማውቀው መኪና ነው፤ 1ኤችዜድ ሞተርና ባለ አምስት ማርሽ ኤች55ኤፍ ካምቢዮ ስላለው እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ ላንድክሩዘር። ትራንስፈሩ ሰንሰለት የለውም፤ ጥርስ ከጥርስ ነው። ለዚህም ነው ዕድሜው የሚረዝመው።

መጀመሪያ ርካሹን ነገር እዩ። የካምቢዮው መቀመጫ ጎማ ተቆርጦ ከሆነ መኪናው በጫነ ቁጥር ካምቢዮና ትራንስፈር አብረው ይወዛወዛሉ። ማንሻው ከወለሉ ቆርቆሮ ጋር ይጋጭና ማርሽ ይተፋል። ሎው የሚተፋ መኪና ሲመጣልኝ ከምንም በፊት ከሥር ገብቼ ያንን ጎማ በሌቫ አነሳዋለሁ። ከዚያ ክሮቼራዎቹን፣ ማለትም የትራስሚሲዮኑን (ወደ ጎማዎቹ የሚሄደውን ዘንግ) መስቀል መገጣጠሚያዎች። የላላ ክሮቼራ የሚያሰማውን ድምፅ ትራንስፈር ነው ብለው ስንቱን አስወርደዋል መሰላችሁ።

ቀጥሎ ዘይት። በ24 መፍቻ መጀመሪያ የላይኛውን መሙያ ቡሎን ፍቱ፣ ከዚያ የታችኛውን። ተገላቢጦሽ ያደረገ ሰው ዘይቱን አፍስሶ መሙያው አልፈታ ሲለው መኪናው እዚያው ይቆማል። እኔ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፤ አይደገምም።

መሙያውን ስትከፍቱ ዘይት "ዷ" ብሎ ከፈሰሰ አትደሰቱ። ሞልቶ ሳይሆን ከልክ በላይ ሆኖ ነው። ወዲያው የካምቢዮውን መሙያ ክፈቱና ጣት አስገቡ። እዚያ ከጎደለ በሁለቱ መካከል ያለው ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደው ጎማ) አልቋል፤ የካምቢዮው ዘይት ወደ ትራንስፈር እየተሻገረ ነው ማለት ነው። ይህ የእነዚህ መኪኖች የታወቀ በሽታ ነው። መሬት ላይ አንድ ጠብታ አይታይም፤ ሹፌሩ "መኪናዬ ዘይት አያፈስም" ይላል፤ ካምቢዮው ግን ደርቆ እየተቃጠለ ነው። ለአንዲት ጎማ ሲባል ስንት ካምቢዮ ሞተ።

የወረደውን ዘይት በነጭ ሳህን ያዙት። በጣት ስታሹት እንደ ግራጫ ቅባት ከሆነ ዕድሜ ነው፣ ምንም አይደል። እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ ኩሽኔታ እየተላጠ ነው። ቁርጥራጭ ካገኛችሁ ጥርስ ተሰብሯል፤ ያን መኪና ከዚያ ቦታ አታንቀሳቅሱ።

ድምፁን የምለይበትን ዘዴ ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ትራንስፈሩን ባዶ ላይ አድርጉ። ሞተር አስነሱና ካምቢዮውን ሦስተኛ አስገብታችሁ ፍሪሲዮን ልቀቁ። መኪናው አይሄድም፤ የትራንስፈሩ መግቢያና መካከለኛው ጥርስ ግን ይዞራሉ። ጩኸቱ እዚህ ከተሰማ ችግሩ እነሱ ጋ ነው። እዚህ ዝም ብሎ ሲነዳ ብቻ ከጮኸ የመውጫው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ሎው ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ የሎው ጥርሶች። "ልጄ፣ መፍቻ ከማንሳትህ በፊት ጆሮህን ተጠቀም" ይሉኝ ነበር ጋሼ።

ማውረዱ ላይ ብዙ አልልም። ግን ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስይዙ። ትራስሚሲዮኑ ከተፈታ በኋላ ማርሽ ማስገባት መኪናውን አይዝም። ትራስሚሲዮኖቹን ከመፍታታችሁ በፊት ፍላንጁ (የሚታሰሩበት ክብ ብረት) ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ አለበለዚያ ስትመልሱ ይንቀጠቀጣል። ትራንስፈሩን ብቻውን መኪናው ላይ እያለ የሚፈቱ አሉ። እኔ ከካምቢዮው ጋር አብሬ አወርደዋለሁ። ከባድ ነው፣ የካምቢዮ ክሪክና ሁለት ጠንካራ ሰው ይፈልጋል። ግን ከወረደ ወዲያ ፍሪሲዮኑንም አያለሁ፣ ያንን የመካከል ኦይል ሲልም ያለ ጥርጥር እቀይራለሁ።

አሁን ወደ ውሳኔው። ትራንስፈሩን ከካምቢዮው ስትለዩ የመግቢያውን ጥርስ ካምቢዮው ዘንግ ላይ መልሳችሁ ሰክታችሁ በእጅ ወዝውዙት። መስመሮቹ (ጥርሱና ዘንጉ የሚነካከሱባቸው ቦዮች) ተበልተው ከሆነ "ቀጭ ቀጭ" ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዲስ ጥርስ ገዝቶ በተበላ ዘንግ ላይ ይሰካል፤ ዘንጉም አዲሱን ጥርስ ቶሎ ይበላዋል። ዘንጉ ከተበላ ካምቢዮው መከፈት አለበት፤ ወጪውን ከወዲሁ አስቡት። ሎው የሚተፋ ከሆነ ደግሞ የሚንሸራተተውን ቀለበትና ጥርሶቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጫፋቸውን እዩ። ሹል ጠርዝ ሊኖራቸው ይገባል። እንደ ከረሜላ ከተሟሙ ይቀየራሉ። ቀለበቱን የሚገፋውን ሹካም እዩ፤ የእኔ ያበቃለት እሱ ነበር። ሹካ፣ ቀለበትና አንዲት ስፕሪንግ፤ የ"ሞተው" ትራንስፈር ችግር ይኸው ነበር።

ሙሉውን የምቀይረው ቤቱ ራሱ ሲበላሽ ብቻ ነው። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ሰፍቶ ውጭኛው ቀለበት በውስጡ የሚዞር ከሆነ፣ ወይም የመካከለኛው ዘንግ ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ፣ በብየዳ አትድከሙ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ሰፈር፣ ወርዳችሁ ያገለገለ ስትፈልጉ አሮጌውን ተሸክማችሁ ሂዱ፤ በስልክ ፎቶ አትመኑ። የመግቢያውን መስመር ቁጠሩ። ፎር ዊሉ በማንሻ ነው ወይስ በአየር የሚለውን አመሳስሉ። ፍላንጁን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት፤ ከተንቀሳቀሰ የሌላ ሰው በሽታ እየገዛችሁ ነው። የታጠበና የተቀባ ትራንስፈር ደግሞ እኔ አልወድም። የቆሸሸውን እመርጣለሁ፣ ዘይቱን ማሽተት እችላለሁና።

ሲገጠም ዋናው ነገር ሺም ነው። የመውጫው ዘንግ በሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ላይ ይቆማል፤ ጥብቀታቸው የሚስተካከለው በእነዚያ ወረቀት በሚያካክሉ የብረት ቀለበቶች ነው። አንድ ጋራዥ የእኔን ከጓርኒሲዮን ቁርጥራጭ ጋር ጠርጎ ጣላቸው። "ብረት ነው፣ ምን ያደርጋል?" አሉኝ። ኮምቦልቻ ሳልደርስ ኩሽኔታው ሰማያዊ ሆኖ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ሺም ስፈታ በሽቦ አስሬ ኪሴ ነው የማስገባው። አዲስ ኩሽኔታ ስትገጥሙ ግን የድሮው ሺም በትክክል ላይገጥም ይችላል፤ ፍላንጁ ላይ ክር ጠምጥማችሁ በመንጠቆ ሚዛን ሳቡና የመኪናው መጽሐፍ ከሚለው ጋር አስተያዩ። ሊላላም ሊጨነቅም አይገባም።

የዘንጉ ጫፍ ላይ የሚመታውን ዳዶ አሮጌውን አትመልሱ፤ አዲስ ግዙና በመሮ አስነክሱት። ሲሊኮን ቀጭን ይሁን፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ዘጠና ቁጥር የካምቢዮ ዘይት፣ ወደ ሁለት ሊትር፣ ከመሙያው ቀዳዳ እስኪመለስ። ካምቢዮውንም ለብቻው ሙሉ።

ሙከራውን የማደርገው እንጦጦ ነው። የፊት ጎማ ሎኮቹን ፍሪ ላይ አደርጋለሁ፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹን ከሚያዞራቸው ዘንግ አላቅቃለሁ፤ ያኔ ሎው አስፋልት ላይ ቢገባም የፊቱ አይታሰርም። ከማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ በሁለተኛ ማርሽ እግሬን ከነዳጁ አንስቼ እለቀዋለሁ፣ ጣቴን ማንሻው አጠገብ አድርጌ። ረዳቴ ከጎኔ ሆኖ ያያል። ማንሻው ካልተነቃነቀ 500 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፣ ከዚያ ያንን ዘይት አውርጄ እንደገና ነጩን ሳህን አወጣለሁ።