የጥናት ፖስተር ይዛችሁ ጉባኤ ለምትሄዱ

የፋሲል ግንብን ፎቶ ከጽሑፉ ጀርባ አታንጥፉት። ጎንደር ላይ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምለምነው ይህን ነው፤ ግንቡ ያምራል፣ ፊደሉን ግን ይውጠዋል።

ፓወርፖይንት ስትከፍቱ አስቀድማችሁ የገጹን መጠን አስተካክሉ። ኤ ዜሮ ከተባላችሁ 84.1 በ118.9 ሳንቲሜትር ነው። ቁም ይሁን አግድም አዘጋጆቹን ጠይቁ።

ርእሱ ግኝቱን ይናገር። ጥናታችሁ ስለ ካላዛር በሽታ ቢሆን፣ «የካላዛር ሁኔታ በመተማ» ማንንም አያስቆምም፤ «ወደ መተማ እርሻ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ዘግይተው ይታከማሉ» ግን ያስቆማል (ግኝታችሁ ያ ከሆነ ነው እንግዲህ)። ከሦስት ሠንጠረዥ አንድ ትልቅ ግራፍ ይሻላል። የጥናት ዘዴው በጥቂት መስመር ይበቃል።

ፒያሳ ለማሳተም ስትወርዱ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጉት፤ ያለዚያ የአማርኛው ፊደል በሰው ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። መብራትም አይታመንምና ለዋዜማው አታቆዩት።

በጉባኤው ከፖስተሩ ጎን ቁሙ፣ አትጋርዱት። ሰው ሲቀርብ ማንበብ አትጀምሩ፤ «እርስዎ በየትኛው ዘርፍ ነው የሚሠሩት?» በሉ። ለሐኪሙ ስለ ሕክምናው፣ ለጤና ቢሮው ሰው ስለ ወጪው፣ በሁለት ደቂቃ። አንጋፋ ፕሮፌሰር ሲመጣ አንገት መድፋት አክብሮት አይደለም፤ ግራፉን በእጃችሁ እያሳያችሁ ተናገሩ።