ስለ ሄርሚት ክራብ ሲወራ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ሁሉንም አንድ አድርጎ ማየት ነው። ለስላሳ ሆዱን በባዶ የቀንድ አውጣ ዛጎል ከትቶ የሚዞረው፣ ሄርሚት ክራብ የሚባለው ሸርጣን ከ800 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም ከባሕር አይወጡም። የብስ ላይ የሚኖሩት ሃያ እንኳ አይሞሉም። በአውሮፓ የአትላንቲክ ዳርቻ፣ ባሕሩ ሲሸሽ በድንጋይ መሃል በቀረው ውሃ ውስጥ የሚታየው ፓጉረስ በርናርደስ የባሕር ነው። ብዙዎች ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት ሲኖቢታ ክሊፒአተስ ደግሞ የካሪቢያን አካባቢ የየብስ ነዋሪ ነው። ቦታቸውን ያቀያየረ ሰው አንዱን በድርቀት፣ ሌላውን በውሃ ይገድላል።

ከሁሉ የከፋው ግን «የየብስ ከሆነ ደረቅ ቦታ ይስማማዋል» የሚለው ግምት ነው። የየብሱም ሸርጣን የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ በስንጥብ ነው፤ ስንጥቡ ደግሞ ካልረጠበ አየር መሳብ አይችልም። ለዚህም ነው ዛጎሉ ውስጥ ጥቂት ውሃ ይዞ የሚዞረው፤ ቀን ቀን በወደቀ ቅጠልና በዛፍ ሥር ተሸሽጎ ሌሊት የሚወጣውም ለዚሁ ነው። አየሩ ሲደርቅበት ቀስ በቀስ ይታፈናል። አሳዳጊው ግን «ዛሬ ፈዘዝ ብሏል» ብሎ ያልፈዋል። የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ አካባቢ ቢሆን ይመቸዋል። መውጫ የሌለው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ይሰምጣል።

«እዚሁ ተፈልፍሎ ያደገ ነው» የሚል ሻጭም በቀላሉ አይታመን። የየብሷ እናት እንኳ እንቁላሏን የምትለቀው ባሕር ዳር ወርዳ ነው። እጮቹ በባሕር ውሃ ለሳምንታት ተንሳፍፈው፣ ትንሽ ዛጎል አግኝተው ነው ወደ የብስ የሚወጡት። ይህን ቤት ውስጥ ማስኬድ እጅግ ከባድ ስለሆነ ለሽያጭ የሚቀርቡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከተፈጥሮ መኖሪያቸው የተለቀሙ ናቸው።

ቀንድ አውጣ ገድሎ ዛጎሉን ይቀማል የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት ነው፤ የሚፈልገው ባዶውን ነው። ዛጎል ሲያገኝ አገላብጦ ያየዋል፣ እግሩን በዛጎሉ አፍ ሰድዶ ውስጡን ይዳስሳል፤ ከተስማማው ለስላሳ ሆዱን ከአሮጌው አውጥቶ በቅጽበት አዲሱ ውስጥ ይከታል። አንዳንዴ ብዙ ሸርጣኖች በመጠን ተሰልፈው አንዱ የለቀቀውን ሌላው ይወርሳል። ስለዚህ ከባሕር ዳርቻ ዛጎል ለጌጥ መልቀም ለእነሱ ቤት ማሳጣት ነው። ቀለም የተቀባ ዛጎል መስጠትም አይገባም፤ የተላጠውን ቀለም ሊበሉት ይችላሉ።

ዛጎል የሌለው ሄርሚት ክራብ የለም ማለትም ልክ አይደለም። በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚኖረው የኮኮናት ሸርጣን በልጅነቱ ዛጎል ይሸከማል፤ ካደገ በኋላ ግን ይተወዋል፤ ክብደቱም እስከ 4 ኪሎ ይደርሳል።

ቤት ውስጥ የሚያድገው ሄርሚት ክራብ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ለሳምንታት ሲጠፋ «ሞቷል» ብሎ ቆፍሮ ማውጣት ሌላው ጥፋት ነው። ዛጎሉን ሳይሆን የገዛ ሰውነቱን ጠንካራ ልባስ እየቀየረ ነው፤ አዲሱ እስኪጠነክር መነካት የለበትም። የጣለውን ልባስም እንደ ቆሻሻ አንስተው አይጣሉበት፤ ካልሲየም ስለሚያገኝበት መልሶ ይበላዋል።