ስለ ነፍሰ ገዳይ ፍቅረኞች ፊልም አስተያየት ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍቅረኞች ተባብረው የሚገድሉባቸው የሥነ ልቦና ወንጀል ፊልሞች ዕጣቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ሲወጡ ብዙ ሰው አያያቸውም፤ ከዓመታት በኋላ ያገኛቸው ተመልካች ደግሞ ወይ ሰማይ ይሰቅላቸዋል፣ ወይ «አስጠሉኝ» ብሎ ይዘጋቸዋል። ለምሳሌ የምንይዘው እ.ኤ.አ. በ1970 ለእይታ የበቃውን የአሜሪካ ፊልም «ዘ ሃኒሙን ኪለርስ»ን ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። መጨረሻውንም ስለምናወራ ያላየው ሰው አስቀድሞ ቢያየው ይሻላል።

«ጥፋተኛዋ እሷ ናት» ወይም «እሱ ነው» ብሎ መፍረድ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። በፊልሙ ሬይ ብቸኛ ሴቶችን በደብዳቤ እየተዋወቀ፣ በጋብቻ እያታለለ ገንዘባቸውን ይዞ የሚጠፋ አጭበርባሪ ነው። ነርሷ ማርታም ከተታለሉት አንዷ ነበረች፤ በኋላ ግን ማንነቱን እያወቀች «እህቱ» ተብላ አብራው ትዞራለች። ታሪኩ የሚከፋው ከዚህ በኋላ ነው። እሱ ለብቻው ቢሆን ሌባ ሆኖ በቀረ፣ እሷም ለብቻዋ ቢሆን ቁጡ ነርስ ሆና በኖረች። ግድያው የሚወለደው በመሃላቸው ነው፦ ሥራው አዲስ «ሙሽራ» ይፈልጋል፣ ቅናቷ ደግሞ ሙሽራዋን አይችልም።

ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ ሲያዩ ከእያንዳንዱ ግድያ በፊት ያሉትን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይከታተሉ። ማን ውሸት ተናገረ? ማን ደረሰበት? የት ላይ ቃል ፈረሰ? ነፍሰ ጡሯ ሙሽራ ሬይን ወደ አልጋ ስትስበው ማርታ የመድኃኒት ክኒን ትሰጣታለች። በመጨረሻው ግድያም የሚፈነዳው ሬይ ደብቆ የያዘው ግንኙነት ነው። ገንዘቡ ምክንያት መስሎ ይቀርባል እንጂ ክብሪቱን የሚጭረው ሌላ ነው። አስተያየትዎ ይህን ካላነሳ ፊልሙን ገና አልነኩትም ማለት ነው።

ፊልሙን እንደ ፖሊስ መዝገብ ማንበብ

ታሪኩ መነሻው እውነተኛ ነው። ሬይመንድ ፈርናንዴዝና ማርታ ቤክ በ1949 ተይዘው መጋቢት 8 ቀን 1951 በኒው ዮርክ ሲንግ ሲንግ እስር ቤት በሞት ተቀጡ። «እውነተኛ ታሪክ ነው» ብሎ ማለፍ ግን ያሳስታል። እውነተኛዋ ማርታ ከፍቅረኛዋ ጋር ለመኖር ጥላቸው የሄደቻቸው ሁለት ልጆች ነበሯት፤ የፊልሟ ማርታ ግን ያለቻት እናት ናት፣ እሷንም ወደ አረጋውያን ማቆያ ታስገባታለች። በእውነቱ ሁለቱ የተያዙት፣ ጎረቤቶች ተጠራጥረው ለፖሊስ በማሳወቃቸው ነው። በፊልሙ ስልኩን አንስታ ፖሊስ የምትጠራው ራሷ ማርታ ናት። ጸሐፊውና ዳይሬክተሩ ሌናርድ ካስል ይህን የለወጠው ባለማወቅ አይደለም፤ ስልኩ የሚደወለው ለማርታ የገባውን ቃል ባፈረሰው በሬይ ላይ ነው። «ታሪኩን አበላሽተውታል» ከማለት ለውጡ ምን እንደሠራ መጻፍ ይበልጣል።

ድህነቱን እንደ ጉድለት መቁጠር

ፊልሙ በ150 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፣ መብራቱ ፊት ላይ ይጠነክራል። ብዙ ተመልካች «ርካሽ ይመስላል» ይላል፤ አዎ፣ ርካሽ ነው። ግን አስተውሉ፦ ካስል በ1967 የወጣውን «ቦኒ ኤንድ ክላይድ»ን የመሰለ፣ ወንጀለኞቹ ያማሩበት ፊልም መሥራት አልፈለገም። በዚያ ጨለምተኛ ቤት ላይ የሙዚቃ አቀናባሪው የማህለር 6ኛ ሲምፎኒ ሲያስተጋባ ሁለቱ ራሳቸውን ምን ያህል ታላቅ ፍቅረኞች አድርገው እንደሚያዩ ይሰማል። ትክክለኛው ወቀሳ ሌላ ቦታ አለ፦ ከረዳት ተዋንያን አንዳንዶቹ ያጋንናሉ፣ የመሃሉ ክፍልም ይጎተታል። ይህን በድፍረት ይጻፉ።

በነገራችን ላይ ፊልሙን ዳይሬክት ማድረግ የጀመረው ዝነኛው ማርቲን ስኮርሴዚ ነበር፤ ሥራው ሲዘገይባቸው አሠሪዎቹ አሰናበቱት። ስለዚህ «የስኮርሴዚ ፊልም» የሚል ርዕስ ልክ አይደለም። የኦፔራ አቀናባሪው ካስል ከዚህ በኋላ ሌላ ፊልም ዳይሬክት አላደረገም።

ደም መቁጠር

«ግድያው ብዙ አይታይም፣ አያስፈራም» የሚሉ ሰዎች የትኛውን ትዕይንት እንዳዩ ይጠይቁ። ሬይ በጋብቻ ያታለላት የአሮጊቷ ሞት ዘለግ ያለና የማያምር ነው፤ ከመዶሻ ምት በኋላ ማነቅ ይከተላል፣ ነገሩ በአንድ ምት አያልቅም። የመጨረሻዋ ሴት ግን በመድኃኒት ደንዝዛ ተኝታ ሳለ ካሜራው ዓይኖቿ ላይ ይተከላል። ሁለቱ ከላይዋ ሆነው ሲነጋገሩ ዓይኖቿ ወዲህና ወዲያ ይላሉ፤ ሁሉን እየሰማች ነው። ከዚያ ተኩስ። የልጇ ሞት ጭራሽ አይታይም። አስተያየት የሚሰጥ ሰው መግለጽ ያለበት ይህን ልዩነት ነው፦ የትኛው ሞት በሙሉ ታየ፣ የትኛው ተደበቀ፣ ለምን?

በማርታ ውፍረት መሳለቅ

«እንዴት ይህችን ወደዳት?» የሚለው ቀልድ ከሁሉም የሰለቸ ነው። ፊልሙ ራሱ ስትበላ ደጋግሞ ስለሚያሳያት በዚህ መወቀስ ይችላል፤ ወቀሳው ግን ለካሜራው እንጂ ለተዋናይቱ አይደለም። ማርታን የተጫወተችው ሸርሊ ስቶለር በዝምታዋ የምትሠራውን የሚጠራጠር በ1975 በሊና ቨርትሙለር «ሰቨን ቢዩቲስ» ውስጥ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ አዛዥ ሆና ይያት።

ከተከታዮቹ መጀመር

የሜክሲኮው አርቱሮ ሪፕስታይን በ1996 ይህንኑ ጉዳይ ወደ አገሩ ወስዶ በቀለም ሠርቶታል፤ እዚያ ሴትዮዋ ልጆቿን ጥላ ትሄዳለች፣ እንደ እውነተኛዋ ማርታ። እሱን አስቀድሞ ያየ ሰው የ1970ውን «ስሜት የሌለው» ይለዋል። ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ይዩ፤ ልጆቹ ወደ ታሪኩ መመለሳቸው ምን እንደጨመረ የሚታየው ያኔ ነው።